ስለ ኮቪድ-19 በሽታ ከልጆቻችን ጋር የምንነጋገርበትን መንገድ ይመለከታል

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው ሳምንት በኮቪድ-19 ታማ ቤቷ የቆየች አንዲት ተማሪያችን አገግማ ወደ ክፍል ስትመለስ፣ አብራት ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ሌላ ወንበር ስትሄድ መምህርቷ ተመልክታለች። ከሕመሟ የተመለሰችው ልጅ ምንም አልተናገረችም፤ ቦርሳዋን ግን እስከ እረፍት ሰዓት ድረስ ከጭኗ ላይ አላወረደችም።

ጥፋቱን በልጆቹ ላይ ማሳረፍ አልችልም። ቀደም ሲል በላክንላችሁ ማስታወቂያ «በበሽታው የተጠረጠሩ ተማሪዎች» የሚል ሐረግ ነበረበት። ጥርጣሬ በወንጀለኛ ላይ እንጂ በታመመ ልጅ ላይ የሚነገር አይደለምና፣ ማስታወቂያውን ፈርሜ ያወጣሁት እኔ እንደመሆኔ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 አዳዲስ በሽታዎች በቦታ፣ በሕዝብ ወይም በእንስሳ ስም እንዳይሰየሙ ያሳሰበው፣ በ2020 ለዚህ በሽታ ስም ሲያወጣም ይህንኑ የጠበቀው፣ ክፉ ስም ከበሽታው አልፎ በሰው ላይ ስለሚለጠፍ ነው።

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቫይረሱ የተያዘ ሰው የሕመም ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ገደማ አስቀድሞ ለሌላው ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ መገለልን ፈርቶ ሕመሙን የሚደብቅ ቤተሰብ ሲኖር እኛ የምንሰማው ብዙዎች ከተጋለጡ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ልጃችሁ ትኩሳት ወይም ሳል ከጀመረው እቤት አስቀርታችሁ በዚያው ዕለት እንድትደውሉልን እለምናችኋለሁ። ስሙ ከእኔና ከክፍል ኃላፊው መምህር አያልፍም፤ ለሌሎች ወላጆች የምንገልጸው ክፍሉንና ቀኑን ብቻ ነው።

ቤት ውስጥም ልጆች ሲጠይቁ «ምንም የለም» ብሎ ማለፍ አይበጅም፤ የአዋቂውን ፊት አይተው ውሸቱን ያውቁታልና። አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ «አያቴ ትሞታለች?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ፣ አብዛኛው ሰው እንደሚድን፣ አረጋውያን ግን ይበልጥ እንደሚጎዱ፣ እጃችንን በሳሙና ለሃያ ሰከንድ የምንታጠበውና መስኮት የምንከፍተው እንደ እርሷ ላሉት ጭምር እንደሆነ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና መስኮቱን ራሱ ሄዶ ከፈተው።

ከሰኞ ጀምሮ የምንልካቸው ማስታወቂያዎች «የታመሙ ተማሪዎች» እና «ያገገሙ ተማሪዎች» ከሚሉት ውጪ ሌላ መጠሪያ አይኖራቸውም። የሚያስከፋ ቃል ካገኛችሁ ቢሮዬ መጥታችሁ ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር