ቡናው በነፃ ነው

ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ስለ ሐዋሳ ቱሪዝም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ሐይቁ አለ፣ አሞራ ገደል አለ፣ ታቦር ተራራ አለ። ገበሬ ጓሮ ድረስ ስለሚሄድ ጎብኚ ግን አንድ መስመር አጣሁ። የዚያ ጓሮ ልጅ ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የቤተሰባችን ማሳ ከሐዋሳ ወደ ይርጋለም በሚወስደው መንገድ ነው። አያቴ፣ አባትና እናቴ፣ ታናሽ እህቴም ከነልጇ እዚያው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቅዳሜና እሁድ እንግዳ አይጠፋም። እንሰቱ መሃል ገብተው ፎቶ ይነሳሉ፣ "ሙዙ መቼ ነው የሚደርሰው?" ይላሉ። እህቴ ይህችን ጥያቄ ስትሰማ ፊቷን አዙራ ትስቃለች።

እናቴ ስትፍቅ ግን ሁሉም ዝም ይላል። መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ የእንሰቱን ልጥ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ በእግሯ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትስበዋለች። ነጩ ውሃ ይወርዳል፤ ሲረጋ ቡላ ይሆናል። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል፤ ቆጮ የሚባለው እሱ ነው። እንግዶቹ "እኔም ልሞክር" ይላሉ። ሦስት ጊዜ ስበው እጃቸውን ያራግፋሉ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ ዘንድ ሲመዘገብ ስሙ የተነሳው ቡርሳሜም ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። አንድ እሁድ 14 ሰው በአንድ መኪና መጣ። ይዟቸው የመጣው ሰው ከተማ ላይ ከእያንዳንዳቸው ሂሳብ ተቀብሏል፤ ይህን የሰማነው ከራሳቸው ነው። ለእነሱ አንድ እንሰት ተቆረጠ። እንሰት እንደ ቦታው ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ቆጮው በቅቤ ቀረበ፣ ወተት ተቀዳ፣ ቡና ተቆላ። ሁለት የቡና ችግኝም ተረገጠ። ሲሄዱ ለእህቴ ልጅ 200 ብር አስጨብጠው አያቴን ስመው ወጡ። በቃ።

አባቴን "ለምን ዋጋ አትነግራቸውም?" አልኩት። "እንግዳ ሂሳብ ይጠየቃል እንዴ?" አለኝ። አያቴማ "ቤቴ ሆቴል ሆነ ወይ?" ብለው ተቆጡ።

የአያቴ ነገር ይገባኛል። ግን ከተማ ላይ የተከፈለበት ሰው እንግዳ ነው ወይስ ደንበኛ? የደከመችው እናቴ፣ ኪሱ የሞላው ሌላ። እህቴ ከአያቴ ጋር ለሳምንታት ስትነታረክ ከርማ በመጨረሻ ተስማሙ። ጓሮ ለማየትና ፍቂያ ለመሞከር በር ላይ ይከፈላል። ቡናና ቆጮ የአያቴ ግብዣ ነው፤ አይነካም።

ለአስጎብኚዎች የምለው አንድ ነው። ሰው ከማምጣታችሁ በፊት ደውሉ፣ ዋጋ ጠይቁ፣ ድርሻችንን እዚያው ስጡን። አስጎብኚ ሳይዝ ለሚመጣ አንባቢ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደህና ጊዜ ነው። ቡናው ቀልቶ ይለቀማል፤ መልቀም ከፈለጋችሁ ቅርጫት አለ። ነጭ ጫማ ግን አታድርጉ።

እህቴ ዋጋውን ሰሌዳ ላይ ጽፋ በሩ ላይ ሰቀለችው። አያቴ አስነበቧት። ጨርሳ ስታነብላቸው፣ "ቡናው በነፃ ነው የሚለውን ከላይ አድርጊው፣ ጎላ ብሎ ይታይ" አሏት።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ