ለወታደር ትዝታ አይከለከልም፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ቡና ባፈላች ቁጥር ዱዓዋ ስላንቺ ነው።

በስልክ የነገርሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። ለሠራዊቱና ለቤተሰቡ የሚተላለፍ የመዝናኛ ፕሮግራም ተሰጥቶሻል። ደስ ብሎኛል። ግን አለቆችሽ “ፉከራና ቀረርቶ ብቻ ይሁን፤ ትዝታ የወታደሩን ልብ ያላላዋል” ብለውሻል። እኔ በዚህ ዝም ማለት አልችልም። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ደሴ ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው የተበላሸ ሬዲዮውን አቅፎ የሚመጣው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ይህ ክርክር ያንቺ አለቆች የጀመሩት አይደለም። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተጨቃጭቀውበታል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1940 መጀመሪያ ላይ ለወታደሩ የተለየ ጣቢያ ከፈተ። ያኔ ጦሩ ፈረንሳይ ውስጥ በብርድ ተቀምጦ ውጊያውን ይጠብቃል። ሬዲዮ የሚሰማው ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ፣ እየተጫወተ ነው። ስለዚህ ቀለል ያለ ሙዚቃና ቀልድ በዛለት። አገር ቤት ያለው ሰውም ወደዚያው ጣቢያ ዞረ። ልጁ የሚሰማውን መስማት ፈልጎ ይመስለኛል።

በ1941 ደግሞ ቬራ ሊን ለምትባል ወጣት ዘፋኝ እሁድ ማታ ከዜና በኋላ ሰዓት ተሰጣት። ፕሮግራሟ ለወታደሩ እንደሚጻፍ ደብዳቤ ነበር። ትዘፍናለች፣ ከቤተሰብ የመጣ መልእክት ታነባለች። ሆስፒታል ሄዳ የወለዱ እናቶችን ትጠይቅና ሩቅ ላለው አባት በሬዲዮ ታበስረዋለች። እስቲ አስቢው፤ ከቤቱ ባሕር ተሻግሮ ያለ ሰው የልጁን መወለድ በጓደኞቹ መሀል ሆኖ ሲሰማ! የጣቢያው አለቆች ግን አልወደዱላትም። እንዲህ ያለ ዘፈን ወታደሩን ያልፈሰፍሰዋል አሉ። በ1942 ቢቢሲ ልብ የሚያባቡ ዘፈኖችን የሚገድብ መመሪያ እስከ ማውጣት ደረሰ። ወታደሩ ግን አልተዋትም። በ1944 በርማ ድረስ ሄዳ ዘፈነችለት። ይልፈሰፈሳል የተባለው ጦር አሸንፎ ነው ወደ አገሩ የገባው።

ጀርመኖቹም ዘንድ ያው ነው። በ1941 ቤልግሬድ ከነበረው የጦር ሬዲዮአቸው ማታ ማታ 4 ሰዓት ሊል ሲል የላሌ አንደርሰን “ሊሊ ማርሊን” ትሰማ ነበር። የናፍቆት ዘፈን ናት። ሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ እንግሊዞቹም ያንኑ ሞገድ ከፍተው ያዳምጧት ነበር። የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ አልወደዳትም። ወታደሩ ከወደዳት በኋላ ምን ያደርጋል?

አሁን ደግሞ እንደ ሬዲዮ ጠጋኝ አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል። በ1944 ጣሊያን ውስጥ አንዚዮ ላይ የአሜሪካ ወታደሮች ከምላጭ ሬዲዮ ሠሩ። ያላቸው ምላጭ፣ የእርሳስ ቁራጭ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የተጠቀለለ ሽቦና የጆሮ ማዳመጫ ነው። የባትሪ ድንጋይ የለውም። ኃይሉን የሚያገኘው ከሞገዱ ከራሱ ነው። የእርሳሱን ጫፍ ምላጩ ላይ ቀስ እያሉ ያንሸራትታሉ። ትክክለኛዋ ቦታ ላይ ሲያርፍ ድምፅ ይመጣል፤ ትንሽ ከተነቃነቀ ይጠፋል። እኔ በመሣሪያ፣ በጠረጴዛ፣ በመብራት የምሠራውን እነሱ በጉድጓድ ውስጥ ሠሩት። አንድ ዘፈን ለመስማት ይህን ያህል የሚለፋ ሰው ናፍቆት ያጠፋዋል ብሎ መስጋት አይገባኝም።

አንቺም ታስታውሻለሽ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ጠፋ። ያለቀውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣን ነበር ሬዲዮ የምንከፍተው። ጎረቤቱ ለዜና ይሰበሰባል። ዜናው ሲያልቅ ግን ማንም አይነሳም። ዘፈኑን ይጠብቃል።

ደግሞስ በእኛ አገር ትዝታን ከወታደር ማን ይለየዋል? ጥላሁን ገሠሠም ማሕሙድ አሕመድም ከክቡር ዘበኛ የወጡ ናቸው። ዘመናዊ ዘፈናችን በአብዛኛው በጦሩና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ነው ያደገው። ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ አገር ስም ናቸው። የወሎ ልጅ ምሽግ ውስጥ ሆኖ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንቆረቁርለት ቢያለቅስስ? አልቅሶ ይነሳል። ፉከራው ይቅር አላልኩም። እሱም ይሰማ፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚፎክር ሰው የለም።

አለቆችሽ ስለ ምስጢር ካስጠነቀቁሽ ግን ስሚያቸው። አሜሪካ በ1942 ጣቢያዎቿን የዘፈን ምርጫ ፕሮግራም እንዲተዉ ጠይቃ ነበር። ሰላይ በተወሰነ ሰዓት የተወሰነ ዘፈን አስጠይቆ ምልክት እንዳያስተላልፍበት ነው። “ሐሙስ 2 ሰዓት ላይ አሰሙልኝ” የሚል ከመጣ ቀኑንም ሰዓቱንም አንቺ ቀይሪው። ልጁ ያለበትን ቦታና የክፍሉን ስም በፍጹም አታንብቢ።

በዚያው ዓመት አሜሪካኖቹ ሩቅ ያሉ ወታደሮቻቸውን ምን መስማት እንደሚፈልጉ የሚጠይቅ ፕሮግራም ጀመሩ። ዝነኛ ዘፋኞችና ተዋንያን ያለ ክፍያ ይቀርቡ ነበር። ስጋ ሲጠበስ የሚሰማውን ድምፅ ያሰሙን ያሉም ነበሩ። አንቺም መቅጃሽን ይዘሽ ባቲ ውረጂ። የሰኞ ገበያውን ጫጫታ፣ ግመሉን፣ ሲከራከር የሚውለውን ሰው ቅጂ። ቡና ሲወቀጥም ቅጂ። ከዘፈኖቹ መሀል ጣል አድርጊው። ይህን የሚከለክል አለቃ ያለ አይመስለኝም።

ስም ስታነቢ ቀስ በይ፣ ሁለት ጊዜም ጥሪው። ድንጋዩ የደከመ ሬዲዮ ላይ ጆሮዋን የጣለች እናት በአንዴ አትሰማሽም።

አብሽሪ ልጄ። ሞገዱንና ሰዓቱን እንደቆረጡልሽ ጻፊልኝ፤ ሱቅ የሚመጣውን ሁሉ እነግራለሁ። የአክስትሽ መልእክት ለልጇ በሌላኛው ወረቀት ላይ አለ። ባቲ ነው የመረጠችለት።

አባትሽ
ደሴ