የሰንደቅ ዓላማ ጥናት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ በ19 አባላት የቅኝ አገዛዝ ዘመን ገዥዎችና እንደራሴዎች ያውለበልቧቸው የነበሩትን ባንዲራዎች ሲያጠና ከርሟል። «ቅኝ ያልተገዛች አገር ልጆች የገዥ ባንዲራ ምን ይሠራላቸዋል?» የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼም ከወላጆችም ደጋግሞ ደርሶኛል። ኬንያና ሱዳን ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ዑጋንዳም ባትዋሰነን ከእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ከዛሬው ባንዲራቸው በፊት በላያቸው ምን ይውለበለብ እንደነበር ልጆቻችን ቢያውቁ ትርፍ እንጂ ጉዳት የለውም።

የመስከረምና የጥቅምት ስብሰባዎች በምዝገባና በሥራ ክፍፍል አለፉ። «እንደራሴ» ሲባል የምክር ቤት አባል ብቻ ይመስላቸው ለነበሩት ተማሪዎች፣ ቃሉ በንጉሥ ስም ለሚገዛ ሹምም እንደሚያገለግል ለማስረዳት ግን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወስዶብናል። ከዚያ ወደ ዋናው ጥናት ገባን። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1869 ባወጣችው ደንብ ገዥዎቿ በዩኒየን ጃክ (በብሪታንያ ባንዲራ) መሐል የቅኝ ግዛታቸውን ምልክት እንዲያደርጉ ፈቀደች፤ ቆይቶም ምልክቱ በነጭ ክብ ውስጥ ሆኖ በአረንጓዴ የሎረል ቅጠል ጉንጉን ተከበበ። የሕንዱ እንደራሴ ባንዲራ ግን ጉንጉን አልነበረውም፤ በመሐሉ ዘውድ የተደፋበት ኮከብ ነበረው። ለጋምቢያና ለጎልድ ኮስት (ለዛሬዋ ጋና) አንድ ዓይነት ዝሆንና ዘንባባ ተሰጥቷቸው በስም መነሻ ፊደል ብቻ መለየታቸውን ሲያዩ ልጆቹ በጣም ተቆጡ።

በየካቲት ወደ አፍሪካ ኅብረት ሄድን። የመግቢያ ደብዳቤያችንን በጊዜ ባለማዘጋጀታችን ከውጭ ቆመን የአባል አገሮቹን ባንዲራዎች ለማየት ተገደድን። ነፋስ ስላልነበረ ሁሉም ምሰሶው ላይ ተጠቅልለው ነበር። በክፍል ውስጥ እምብዛም የማትናገር አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ የዑጋንዳን ገዥ ባንዲራ፣ ያችን ራሷ ላይ እንደ ዘውድ ያለ ላባ ያላትን ወፍ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትስል የቆየች ናት። ሌሎቹ ወደ አውቶቡሱ ሲመለሱ እሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ነፋሱ ሲነሳ ጥቁር፣ ቢጫና ቀዩ ባንዲራ ተዘረጋ፤ በነጩ ክብ ውስጥም ወፏ አንድ እግሯን አንስታ ታየች። ልጅቷም ወደ እኔ ዞራ፣ «ቲቸር፣ ወፏ አለች፤ ጉንጉኑ ግን የለም!» አለችኝ። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ደስታ ያገኘሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ያልተሳካልንም አለ። ለወላጆች ቀን ካቀድናቸው 12 ባንዲራዎች የደረሱት 7 ብቻ ናቸው። የትምህርት ቤታችን ማተሚያ በጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሚያትም ልጆቹ ቀለሙን የሚያዩት በእኔ ስልክ ላይ ተራ በተራ ነበር፤ የስፖርት ክበብ ኳስ እንደሚገዛለት ሁሉ የባንዲራ ክበብም ቀለም ሊገዛለት ይገባል። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው 10 ሜትር አቡጀዲና የጨርቅ ቀለም ነው። የኬንያው ገዥ ባንዲራ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቀይ ቀለም ስላለቀብን ግን ቀይ መሆን የነበረበት አንበሳ እስካሁን በእርሳስ እንደተነደፈ ነው።