የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የጠበቅነውና ያነበብነው

ክበቡ ዘንድሮ ይዞት የከረመው ጥያቄ፣ አስቀድመን ያመንነው ነገር በምናየው ላይ ምን ያህል ይጫናል የሚል ነበር። እምነት ስንል ሃይማኖትን ሳይሆን፣ ሙከራ የሚሠራ ሰው ውጤቱን ሳያይ በልቡ የያዘውን ግምት ነው።

የጀመርነው ውኃ በማፍላት ነው። ተማሪው ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ተምሮ ይመጣል፤ ይህ ግን በባሕር ወለል ላይ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ውኃውም 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 300 ሚሊ ሊትር ውኃ በቢከር ይጣዳል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የቢከሩን ታች ከነካ ንባቡ ስለሚዛባ ከፍ ተደርጎ ይታሰራል። ውኃው መንተክተክ ከጀመረ 2 ደቂቃ ተጠብቆ፣ ዓይን ከፈሳሹ ጫፍ ትይዩ ሆኖ ይነበባል። ቁጥሩን ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ነው፤ አንዱ ከተናገረ ቀጣዩ ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ ሁሉም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ ያስረክባል።

100ን የሚጠብቅ ልጅ 93ን ሲያይ «ገና አልፈላም» ብሎ እሳት ይጨምራል፤ ወይም ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ይላል። መጠርጠሩ ደግ ነው፣ ግን ይፈተን። በሚቀልጥ የተደቀቀ በረዶ ውስጥ 0 ካሳየ የታችኛው ምልክት ልክ ነው፤ ለላይኛው ሌላ ቴርሞሜትር አብሮ መንከር ያስፈልጋል።

ትልልቅ ሳይንቲስቶችም ከዚህ አላመለጡም። ፈረንሳዊው ሬኔ ብሎንድሎ በ1903 እ.ኤ.አ. «ኤን ጨረር» አገኘሁ አለ፤ ሌሎችም አየን አሉ። በ1904 አሜሪካዊው ሮበርት ውድ ናንሲ ወዳለው ቤተ ሙከራ ሄዶ በጨለማው ውስጥ፣ ጨረሩን ይበትናል የተባለውን ፕሪዝም ከመሣሪያው ቀስ አድርጎ አነሳው። ንባቡ ግን እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ጨረሩ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ብሎንድሎ የዋሸ አይመስለንም፤ ከልቡ ያመነውን አየ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የቧንቧንና የታሸገ ውኃን ጣዕም ለየን። 4 ብርጭቆ ከአንዱ፣ 4 ከሌላው። ሁለቱም ክዳናቸው ተዘግቶ አንድ ክፍል ያድራሉ፤ የሙቀት ልዩነት ቀማሹን ያሳብቅለታል፣ ክዳኑ ከተከፈተም ክሎሪኑ ይተናል። በብርጭቆዎቹ ላይ ቁጥር የሚጽፈው ልጅ ከክፍሉ ይወጣል፤ የሚያቀርበው ምኑ ምን እንደሆነ የማያውቅ ነው፣ ፊት ይናገራልና። በመድኃኒት ሙከራም ታማሚውም ሐኪሙም የማያውቁት ለዚሁ ነው፤ መድኃኒት ወሰድኩ ብሎ ያመነ ሰው ሕመሙ ቀለል ሊልለት ይችላል።

ቀማሹ አራት አራት መሆናቸውን ካወቀ፣ 8ቱንም ብርጭቆ በግምት ብቻ በትክክል የማግኘት ዕድል ከ70 አንድ ነው። 6 ማግኘት ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ያንን ያህል ወይም ከዚያ በላይ በግምት የማግኘት ዕድሉ ከ70 አሥራ ሰባት ነው። ተማሪዎቹን ከሁሉ ያከራከረው ይህ ስሌት ነበር።

ለመጪው ዓመት ክበቡ ሁለት ተጨማሪ ቴርሞሜትሮች ያስፈልጉታል።