ይድረስ ለአባባ፣ ሐይቅ

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ። እንዴት ከረሙ? እግርዎ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ደብዳቤ የጻፍኩት ስልኩን ጆሮዎ ላይ ሲያደርጉልዎ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለው ወዲያው ስለሚመልሱት ነው። ወረቀት ግን አይመለስም። ሚጡ፣ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። ደስ የማይል ነገር ሲመጣ መዝለል እንደምትወጂ አውቃለሁ። እንዳትዘይ።

ከኮምቦልቻ ሐይቅ ደሴ ላይ ሚኒባስ ቀይሮም ቢሆን ከግማሽ ቀን በታች ነው። እሱን ትቼ እስክሪብቶ መያዜ ያሳፍራል። አውቃለሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ቁመቱ እኔን ሊያልፈኝ ትንሽ ነው የቀረው። ሂሳብ ግን አይሆንለትም፤ በኔ ወጥቷል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ወርውሪው ብንላት «አባባ ቤት ጣሪያ ላይ ነው የምወረውረው» ብላ በላስቲክ ቋጥራ አስቀመጠችው። እናታቸው በርበሬ አስፈጭታለች፤ የእርስዎን ድርሻ ለይታለች። ሰሞኑን ደግሞ ዝናቡ...

ወሬ አበዛሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ይስቁብኝ ይሆናል። በ41 ዓመቴ ትግል እየተማርኩ ነው። እርስዎ የሚያውቁት ትግል አይደለም። የብራዚል ጁጂትሱ ይሉታል። አቡዳቢ ጥበቃ ሆኖ ሲሠራ የተማረ አንድ ልጅ አለ፤ ሲመለስ እዚህ ሰፈር አንድ መጋዘን ተከራየ። ስፖንጅ አንጥፎ የከባድ መኪና ሸራ ወጠረበት። ሸራውን የወጠርኩለት እኔ ነኝ። ለጉልበቴ ዋጋ ሳልጠይቀው «እንግዲያው ና፣ በነፃ ተማር» አለኝ።

የዚህ ትግል ጉዱ ምን መሰለዎ? ጀርባህ መሬት ቢነካም ትግሉ አያልቅም። እንዲያውም ገና መጀመሩ ነው።

ነገሩ ከጃፓን ነው የመጣው። ማኤዳ የሚባል የጁዶ ሰው በፈረንጆቹ 1914 ብራዚል ገባ። ከሱ የተማረው ካርሎስ ግሬሲ ለወንድሞቹ አስተማረ። ከነሱ ትንሹ ኤሊዮ ደቃቃ ነበር ይባላል። ጉልበተኛውን ከላይ ሆኖ ስለማይችለው ከታች ሆኖ መታገልን አጠና። ሽማግሌ ሆኖም ልብሱን ለብሶ ምንጣፉ ላይ ይወርድ ነበር። በፈረንጆቹ 2009 ሲሞት 95 ዓመቱ ነው። እርስዎ ገና 78 ነዎት፤ ለዚህ ነው የጠቀስኩት።

አሁን የምማረው ኦፕን ጋርድ የሚሉትን ነው። ጋርድ ማለት ከታች ያለው ሰው በእግሩ የሚከላከልበት ነው። ዝጉ ሲሆን እግርህን ከሰውየው ወገብ ኋላ ታቆላልፋለህ። ክፍቱ፣ ኦፕን የሚሉት፣ ግን አይቆለፍም። እያንዳንዱ እጅና እግር የየራሱ ሥራ አለው። አንዱ ዓይነት ሪካርዶ ደ ላ ሪቫ በሚባል የሪዮ ሰው ስም ይጠራል። ሰውየው ግራ እግሩን አስቀድሞ ከቆመ የኔ ቀኝ እግር ከውጭ ዞሮ ከኋላ ይገባና መርገጫዬ ጭኑ ላይ ይጠመጠማል። በቀኝ እጄ ተረከዙን እይዛለሁ። በግራ እጄ እጅጌውን። ግራ እግሬ ዳሌውን ይገፋዋል። ሲገፋኝ እስበዋለሁ፣ ሲሸሽ እገፋዋለሁ። ገልብጬው ከላይ ከወጣሁ 2 ነጥብ አለኝ። እግሬን አልፎ ደረቴ ላይ ከተጫነ 3 ነጥብ የሱ ነው። መያዝ ላይ ማን ይችለኛል፤ ሃያ ዓመት ብሎን የፈታ ጣት ነው።

የመጀመሪያውን ወር ግን ጀርባዬን ሸራው ላይ ለጥፌ እንደ በድን ነበር የምተኛው። «ጋሼ፣ በጎን! በጎን!» ይለኛል አስተማሪው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጋሼ እያለ ያንከባልለኛል። በአንድ ዳሌ ሆኖ ጭንቅላትን ቀና ማድረግ ነው ዘዴው።

መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ነው የሚውጡት? ሐኪሙ ከምግብ በኋላ ብሏል። በባዶ ሆድ ከቡና ጋር እንዳይሆን። ሚጡ፣ አንቺ ቁጠሪው።

አባባ፣ ያንን ዐረፋ ያስታውሱታል? አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ባቲ ሰኞ ገበያ ወርደው ሽርጥ ገዝተው መጡ። አረንጓዴ፣ ጠርዙ ቢጫ። ወረቀቱ እንኳን ሳይወጣለት ሣጥን ላይ አስቀምጠው «ለሚጥል ነው» አሉኝ። ሌሊት እየተነሳሁ አሸተትኩት። በማግስቱ ሐይቁ ዳር ሜዳው ላይ የጎረቤታችን ልጅ ጣለኝ። ተንጋልዬ ሰማይ ሰማይ ሳይ የእርስዎ ጥላ አለፈብኝ። ሊያነሱኝ የመጡ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። አልፈውኝ ሄደው ሽርጡን እሱ ላይ አሸረጡለት።

ያ ልጅ ሁለት ዓመት ለበሰው። ውሃ ስንቀዳ ለብሶት ይመጣል።

እንደሚሉኝ አውቃለሁ። «ወንድ እንድትሆን ነው፣ ቃል ቃል ነው።» ይሁን። ትምህርት ቤት ያስገቡኝ በሬ ሸጠው ነው፤ እሱንም አልረሳሁም። ግን የዘረጋሁትን እጅ አይተውት ነበር ወይ? ይቺን ብቻ ነው የምጠይቀው።

ጋራዡ የከሰረ ጊዜ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሐይቅ አልመጣሁም። ሥራ በዛብኝ አልኩዎ። ውሸቴን ነው። ሥራማ አልነበረም። ተዘርሬ እርስዎ ፊት መቆም አቃተኝ።

አሁን ደግሞ እህቴ ነገረችኝ። ለሱብሒ ውዱእ ሊያደርጉ ወጥተው ጀሪካኑ አጠገብ ወደቁ። ሚጡ ላሟን ልትፈታ ስትወጣ ነው ያገኘችዎት። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ቤቱ አሥር እርምጃ ነው። አልተጣሩም። እህቴ ስትጠይቅዎ «ሰው ከእንቅልፉ አይነሳ ብዬ ነው» አሏት። እሷ አመነችዎት። እኔ ግን ልጅዎ ነኝ።

በዚህ ትግል አንገትህ ወይም ክንድህ ሲያዝ ሰውየውን በመዳፍህ መታ መታ ታደርገዋለህ። ወዲያው ይለቅሃል። ተነስታችሁ ትጨባበጡና እንደገና ትጀምራላችሁ። ማንም አይስቅም። እግር ከማጠላለፉ ሁሉ ይልቅ ለኔ ይሄ ከበደኝ። እምቢ ብዬ ክርኔ አብጦ ሳምንት ሙሉ መፍቻ ማንሳት አልቻልኩም። ባለቤቴ «የአባትህ ልጅ» አለችኝ። አላሞገሰችኝም።

መጣራቱ ካስነወረዎት አይጣሩ። የሽንት ቤቱ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ በመዳፍዎ መታ መታ ቢያደርጉት ሚጡ ትሰማለች። እንቅልፏ ቀላል ነው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ትንሿንም ይዣት እመጣለሁ፤ ጥርሷን ትወርውር። ከሽንት ቤቱ በር እስከ ጀሪካኑ ድረስ መደገፊያ ብረት በይጄ ጨርሻለሁ፤ ሲሚንቶውን ከዚያው እገዛለሁ። ስተክለው አይቆጡኝ። ቢቆጡም እተክለዋለሁ።

ሚጡ፣ ይቺን ለራስሽ አንብቢያት። ክራንቹን ጎተራው ኋላ ደብቀውታል አሉ። እውነት ከሆነ ሚስኮል አድርጊልኝ።