ለአማራ ክልል ግብርና ቢሮ፦ በከብት ዓይን ውስጥ የሚቆይ መድኃኒት በአንዳሳ ይሞከር

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው ከባሕር ዳር እስከ ፎገራ ሜዳ ባሉ የጣና ዳር ቀበሌዎች ነው። የሐይቁ ውኃ ሸሽቶ ሣሩ ሲያቆጠቁጥና ዝንቡ ሲበረክት ዓይናቸው የሚያነባ፣ ብርሃን የሚሸሹ ከብቶች ወደ ክሊኒክ ይመጣሉ። ብዙዎቹ የሚደርሱልን ጥቁሩ የዓይን ክፍል ነጭ ከለበሰ በኋላ ነው። አንድ ዓይኑ የጠፋ በሬ ቀንበር ይሸከም ይሆናል፤ ገበያ ሲወጣ ግን ነጋዴው ቀድሞ የሚያየው ያንኑ ዓይን ነው።

የዚህ የዓይን በሽታ ዋና መንስኤ ሞራክሴላ ቦቪስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ዝንብ የታመመውን ዓይን እንባ ልሳ ወደ ጤነኛው ታደርሰዋለች፤ ብርቱ ፀሐይ፣ አቧራና የሣር ጫፍም መንገድ ይከፍቱለታል። መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም፤ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት አለ። አስቸጋሪው እንባው ነው። ጠብታን በደቂቃዎች ውስጥ አጥቦ ያወርደዋል፤ ቅባት ጥቂት ቢሻልም በቀን ደጋግሞ መቀባትን ይጠይቃል። እኛም "በቀን ሦስት ጊዜ" ብለን ጽፈን እንሰጣለን። እስቲ በሬውን በቀን ሦስት ጊዜ ጠልፎ፣ አንገቱን ይዞ፣ ዓይኑን ገልጦ የሚቀባ ገበሬ አሳዩኝ! ግጦሹ ሩቅ ነው፤ እረኛውም ልጅ ነው። ረጅም ጊዜ የሚሠራው የኦክሲቴትራሳይክሊን መርፌ ደኅና አማራጭ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ዓይን ሲባል መላ ሰውነት መድኃኒት ይገባበታል፣ የላሟም ወተት ለቀናት መጠጣትም መሸጥም የለበትም። ይህን ክልከላ ስንት ቤት እንደሚያከብረው እናንተም ታውቃላችሁ።

የምጠይቃችሁ ሌላ መንገድ እንዲሞከር ነው፤ ይኸውም ከታችኛው የዓይን ቆብ ሥር አንድ ጊዜ ተቀምጣ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ለቀናት የምትለቅ ስስ ቁራጭ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ለሰው የግላኮማ (የዓይን ግፊት) ሕክምና ፓይሎካርፒን የተባለውን መድኃኒት ለሳምንት ያህል የሚለቅ እንዲህ ያለ ቁራጭ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ለከብት ደግሞ ከኮላጅንና ከሴሉሎስ ውጤቶች የተሠሩ ተሞክረዋል። ፈተናው ቁራጩን ዓይን ውስጥ ማቆየቱ ነው። ከብት እንደ ሰው ሁለት ብቻ ሳይሆን ሦስተኛ የዓይን ቆብ አላት፤ እርሱ ባዕድ ነገርን ጠርጎ ያስወጣል። የቁራጩ ቅርጽና ልስላሴ ከመድኃኒቱ እኩል ሊታሰብበት ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

ኮላጅን ከቆዳ ይወጣል፤ ሴሉሎስ ከጥጥ። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩት ያላት ከተማ ናት፤ አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የፎገራ ከብቶቹን ይዞ አለ። እነዚህን ከፋርማሲ መምህራንና ከእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የእናንተ ሥልጣን ነው። እኔ ደብዳቤ ከመጻፍ የዘለለ አቅም የለኝም።

ሥራው ግን በችኮላ አይሁን። ቁራጩ በከብት የሰውነት ሙቀት በየቀኑ ስንት መድኃኒት እንደሚለቅ መጀመሪያ በላቦራቶሪ ይለካ። ቀጥሎ በጤነኛ ዓይን ላይ ይቆረቁር እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይታይ። ወደ ታመሙት የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔም ቅባት ከሚቀቡት ጋር ጎን ለጎን፣ ቁስሉ የዓይን ቁስልን ለይቶ በሚያሳየው የፍሎረሲን ቀለም እየታየ፣ በወተቱም ውስጥ የሚቀረው መድኃኒት እየተለካ። ምዝገባው የፌዴራሉ የግብርና ባለሥልጣን ጉዳይ ስለሆነ ከመነሻው ይማከር።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። በክልላችን ትራኮማን ለመከላከል ለሕዝብ በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ነው፤ ይህ መድኃኒት በከብት ዓይን ውስጥ በፍጹም አይግባ። ባክቴሪያ ከለመደው የሚጎዳው ሰው ነው። ፔኒሲሊንም ለሁሉ አይሆንም፤ ፔኒሲሊን የሚያጠቃው የባክቴሪያን የሴል ግድግዳ ነው፤ በበግና በፍየል ዓይን የሚገኘው ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ ግን ይህ ግድግዳ ስለሌለው አይነካውም። ሕመሙ የዓይን ትል ሲሆን ደግሞ ማንኛውም አንቲባዮቲክ ከንቱ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በጣና ዙሪያ ያሉ ከብቶችን ዓይን የሚያሳምመው የትኛው እንደሆነ ይጣራ። ላቦራቶሪው የዓይን ናሙና እንዲቀበል ትእዛዝ ስጡ፤ ናሙናውን ወስዶ መላኩን በየክሊኒኩ ያለነው እንሠራዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በጣና ዳር የሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ