ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ የለም። ትናንት ማታ ደውለህ «አባዬ፣ ቦቴ ያዝኩ፤ ሬንጅ ነው የምጭነው» ስትለኝ ዝም ያልኩህ ሳልደሰት ቀርቼ አይደለም፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነው። እናትህ ከጎኔ ሆና እልል ስትል ሰምተሃል። እኔ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እጅጌዬን ሰብስቤ የግራ ክንዴን እያየሁ አመሸሁ። በስልክ ያልወጣልኝን በወረቀት ልጻፍልህ ብዬ ይኸው ተቀምጫለሁ። እህትህ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች።

የፈሳሽ መንጃ ፈቃድህን ለማውጣት ስንት እንደለፋህ አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ደረቅ ጭነት ነድተሃል፤ ሲሚንቶም ማዳበሪያም ጭነህ ዓባይን ወርደህ ወጥተሃል። ስለ መሪና ስለ ማርሽ እኔ ላንተ የምነግርህ የለኝም። ሬንጅን ግን አውቀዋለሁ። በመንገድ ሥራ አሥራ አራት ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ፤ እናንተን ያሳደግኳችሁ በሱ ነው።

ልጅ ሆነህ ስለ ጠባሳዬ ስትጠይቀኝ «እሳት ነው» እልህ ነበር። ሙሉውን ነግሬህ አላውቅም፤ አሁን ስማኝ።

ካምፓችን ከደምበጫ ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር። ሥራ በገባሁ በአራተኛው ቀኔ ነው። ግንቦት ላይ ያልታሰበ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። ጠዋት ከቦቴው ወደ ሬንጅ መርጫው መኪና ልንገለብጥ ተዘጋጀን። የመርጫው ክዳን ሌሊቱን ክፍት አድሯል፤ ይህን ያየ ሰው አልነበረም፣ ወይም አይቶ ዝም ብሏል። ቱቦውን ከመሬት ሳነሳው ከጫፉ ውሃ ጠብ፣ ጠብ አለ። ጫማዬ ላይ ነው የወረደው። ዛሬም ይታየኛል፤ አቧራ የለበሰው ጫማዬ ላይ ሦስት አራት ጥቁር ነጠብጣብ ሠራ። አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ልቤ ነግሮኛል። ጠጠር የጫኑት መኪኖች ግን ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ፎርማኑ «ምን ትጠብቃላችሁ!» እያለ ይጮኻል። እኔ ደግሞ የአራት ቀን ሠራተኛ ነኝ። «ምን አውቄ ነው የምናገረው» ብዬ ቱቦውን ገጠምኩት።

ቫልቩ ተከፈተ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከውስጥ ወፍራም ሽሮ ሲንተከተክ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። እሳት ላይ የተረሳ ወተት እንዴት እንደሚገነፍል ታውቃለህ፤ ልክ እንደዚያ በክዳኑ በኩል ገንፍሎ ወጣ። ፊቴን ያዞርኩት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ክንዴን ግን ዙሪያውን ያዘው፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ደግሞ እንደ ጠፍር ጠበቀብኝ። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ጎትቶ ክንዴን ውሃ በርሜል ውስጥ ነከረው። ሌሎቹ በናፍጣ ሊያጥቡልኝ ሲሮጡ፣ አንዱም ከቆዳዬ ላይ ሊልጠው ሲሞክር በቁጣ መለሳቸው። ሐኪም ቤት እስክንደርስ እርጥብ ጨርቅ ሲቀያይርልኝ ነበር። እጄ ዛሬ የሚታዘዝልኝ በዚያ ሰውዬ ምክንያት ነው፤ ነፍሱን ይማር።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። የጋለ ሬንጅ ሲጫን ሙቀቱ 150፣ 160 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ውሃ ደግሞ በኛ ደጋ 100 ዲግሪ እንኳ ሳይደርስ ይፈላል። ሬንጅ ሥር የገባች ውሃ ወዲያው እንፋሎት ትሆናለች፤ አንድ ሊትር ውሃ ከ1600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣታል። ያ ሁሉ እንፋሎት መውጫ ሲፈልግ ሬንጁን ይዞት ይነሳል። ስለዚህ የሚያስፈራው የባልዲ ውሃ ብቻ አይደለም። ቱቦ ውስጥ ያደረ የዝናብ ውሃ፣ ታንከር ታጥቦ ሥሩ የቀረች ጭላጭ ይበቃል።

አሁን አንተ አዲስ ነህ። ልክ እኔ በዚያ ጠዋት እንደነበርኩት። የምለምንህም ይህን ብቻ ነው፤ አዲስ ነኝ ብለህ ዝም አትበል። መኪናውን ስትረከብ «ከዚህ በፊት የጫነው ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ኢሙልሽን የሚሉትን ሬንጅ ጭኖ ከነበረ እሱ ራሱ ውሃ ያለበት ነገር ነው፤ ታንከሩ ተጠርጎ ሳይደርቅ የጋለ ሬንጅ አይገባበትም። ለመጀመሪያው ርጭት የሚሆነውን ኤምሲ 30 የሚሉትን ጭኖ ከነበረም ያ በነጭ ጋዝ የቀጠነ ሬንጅ ነው፤ ትነቱ በቀላሉ እሳት ይይዛል። የምታራግፍበት ቦታም ስትደርስ የሚቀበለው ታንከር ደረቅ መሆኑን፣ የሚበቃ ቦታ እንዳለው ጠይቅ። ቱቦውን ራስህ አንሳው፤ ጫፉን ዝቅ አድርገህ እየው። ውሃ ካየህ አቁም። ፎርማን ይጩኽ፣ ኢንጂነር ይቆጣ፣ ሰልፉ ይርዘም። በስድብ የተላጠ ቆዳ አይቼ አላውቅም።

ክዳኑን ስትከፍት ነፋሱን ከጀርባህ አድርገህ ቁም እንጂ አፉ ላይ አትጎንበስ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለው። ሲበዛ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ዕቃ ወደቀብኝ ብለህ ጭንቅላትህን እንዳታስገባ። ሬንጁን የሚያሞቀውን በርነር በተመለከተ አሠሪዎችህ ያሳዩሃል፤ እኔ የማውቀው እሳት የሚገባባቸው የውስጥ ቱቦዎች በሬንጁ ካልተሸፈኑ እንደማይለኮስ፣ እየነዱ እንደማይለኮስ፣ ለኩሶም ቡና ልጠጣ ተብሎ እንደማይኬድ ነው። ልብስህ ጥጥ ይሁን፤ ናይለን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። እጅጌህን ጓንቱ ላይ አውርደው፣ ሱሪህንም ከቦቲ ጫማው ውጭ አድርገው፤ ወደ ውስጥ ከከተትከው ሬንጁ ገብቶ እዚያው ይቀመጣል። ሙቀት ነው ብለህ የፊት መከላከያውን እንዳትተው። ጅቡቲ ላይ ሙቀቱ ምን እንደሚመስል አላጣሁትም።

የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በተመረቀ ሰሞን ይዤህ ዓባይ በረሃ መውረዴን ታስታውሳለህ? 303 ሜትር ነው ሲሉህ በእርምጃ ልትለካው ጫማህን አውልቀህ ሮጥክ፤ አስፋልቱ አቃጥሎህ እየዘለልክ ተመለስክ። ያ የፀሐይ ሙቀት ብቻ ነበር። አሁን ከጀርባህ ይዘኸው የምትወርደውን እያሰብኩ ነው ትናንት ያመሸሁት።

ስለ ነጂነት የምለው የለኝም ብዬህ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ከመንገድ ሠሪ ወገን ልንገርህ። ከጎሐ ጽዮን ወርደህ ደጀን እስክትወጣ ያለው መሬት የቆመ መሬት አይደለም፤ ይንሸራተታል። በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ትናንት የተስተካከለው አስፋልት ዛሬ ተሸብሽቦ ወይም ሰምጦ ታገኘዋለህ። ጠግነን ስንመለስ ሌላ ቦታ ተነስቶ ይጠብቀን ነበር። ሲሚንቶ ጭነህ ያለፍክበት መታጠፊያ ለቦቴ ያው አይደለም። ቦቴ ጭነቱ ከፍ ያለ ነው፤ የጋለ ሬንጅ ደግሞ ፈሳሽ ስለሆነ ካልሞላ አንተ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ እሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ግማሹን አንድ ሳይት አራግፈህ በግማሽ ጭነት ስትሄድ በጣም ተጠንቀቅ። ቁልቁለቱን ከመጀመርህ በፊት ማርሽህን ያዝ፤ ፍሬን ላይ እየተኛህ አትውረድ። ከ1000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው።

«ሬንጁ ይቀዘቅዛል» ብለው እንደሚያጣድፉህ አውቃለሁ፤ እኔም ከወዲያኛው ወገን ሆኜ ሹፌሮችን ያጣደፍኩበት ቀን አለ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። እንጅባራ ብርዱ ከባድ ነው፣ አዎ ይቀዘቅዛል። ይቀዝቅዝ። ቆሞ እንደገና ይሞቃል፤ ናፍጣና ጊዜ ይፈጃል እንጂ ሌላ አይደለም። ከመሸ አትሂድ። መንገድ ተዘግቷል ከተባልክም አትከራከር፤ ባለህበት እደር። ይህን ያለንበት ጊዜ ራሱ ነግሮሃል፤ አላበዛብህም።

ደስ ብሎኛል ልጄ። እውነቴን ነው። ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በአውቶቡስ ስሄድ አሁንም በመስኮት ቁልቁል አያለሁ፤ ከሥሩ እኔ የረጨሁት አለ። ብዙ ጊዜ ተደርቦበታል፤ ግን አለ። እናትህ ምጥ ላይ ሆና ሐኪም ቤት የደረሰችው ጭቃ በሌለበት መንገድ ነው፤ ያኔ የተወለደችው እህትህ ናት ይህን ፎቶ የምታነሳው። አንተ የምታመጣው ሬንጅም የሆነ ቀበሌ ያሉ ሰዎች ክረምት ከበጋ ገበያ የሚወጡበት ይሆናል። ሥራው የሚያኮራ ነው፤ ያስፈራኝ ስለማውቀው ብቻ ነው።

እናትህ ዳቦ ቆሎና በሶ ልካለች፤ ደጀን ከሚያድረው የጎረቤታችን ልጅ ተቀበል። ከሥሩ በጨርቅ የጠቀለልኩት የቆዳ ጓንት አለ። አዲስ ነው፤ ክርን ድረስ ይደርሳል፤ ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ሄጄ የገዛሁት ነው። ጠበበኝ ካልክ ንገረኝ፣ ይቀየራል ብለውኛል።

የመጀመሪያውን ጭነት አራግፈህ እንደጨረስክ ደውልልኝ። «ደረስኩ» አትበለኝ፤ ምን ጠይቀህ ምን እንደመለሱልህ ንገረኝ። ቢመሽም ደውል፤ ስልኩን ራስጌዬ ላይ አድርጌ ነው የምተኛው።

አባትህ